የተቀቀለው ሜትር

ልብስ ሰፊው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት የሚያልፍበት ሥርዓት ቤተ መንግሥት ለመግባት እንኳ አይጠየቅም። መጀመሪያ የሱቁን በር በመንገድ በኩል ይቆልፋል። ሱቁን ከመኖሪያው የሚያገናኘው የውስጥ በር በላስቲክና በፕላስተር ስለታሸገ ዞሮ በጓሮ ይመጣል። ጓሮ ሲደርስ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ካልሲውን ሳይቀር አውልቆ ባልዲ ውስጥ ይከትና በቁምጣ ብቻ ቆሞ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል። ሚስቱ በመስኮት ሆና ትቆጣጠረዋለች።

«ጆሮህ ላይ ክር አለ።»

«የቱ ጆሮዬ?»

«ግራው። ኧረ ግራ! አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት እጅጌ ስትተክል ግራና ቀኙን ሳትለይ ነው?»

ጎረቤቶች መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን ያዞሩለት ነበር። እያደር ለመዱትና አሁን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «እንደምን ዋልክ ጌታው፣ ዛሬም የጎድን አጥንትህን ቆጠርንልህ» ይሉታል። እሱም ምን ቸገረው፣ በቁምጣው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳቸዋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለፌንጣ ነው። ፌንጣ የስምንት ዓመት ልጁ ናት፤ ቅጽል ስሙን ያወጡላት በሕፃንነቷ ገና መራመድ ሳትችል መዝለል ስለጀመረች ነው። ደም የሚሠራው የአጥንቷ መቅኔ ታሞ፣ ሐኪሞቹ የታመመውን በመድኃኒት ጠራርገው በቦታው የታላቅ እህቷን መቅኔ ሰጧት። ልብስ ሰፊው ያን ቀን ትልቅ ነገር ይደረጋል ብሎ፣ መጋዝና መዶሻ ጠብቆ ነበር። የመጣችው ግን አንዲት ቀይ ከረጢት ናት። ብረት ላይ ተሰቅላ ጠብ፣ ጠብ እያለች በቀጭን ቱቦ ወደ ልጅቷ ገባች፣ አለቀች።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው» አለችው ነርሷ።

ኮሌታ ከመቀየር ያነሰ መስሎት ቅር ብሎት ነበር። የከበደው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲሱ መቅኔ ገና ጨቅላ ስለሆነ ተራ ጉንፋን፣ ያልበሰለ ምግብ፣ የጨርቅ ብናኝ እንኳ ሊጥላት ይችላል ተባለ። እናም ፌንጣ ወር ተኩል ተኝታ ወደ ቤት ስትመለስ ቤቱ ራሱ ሆስፒታል ሆኖ ጠበቃት። ውኃው ይፈላል፣ ማንኪያው ይቀቀላል፣ እንግዳ በመስታወት ሰላም ብሎ ይሄዳል እንጂ ደፍ አይረግጥም።

መቅኔ የሰጠችው እህቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሰጠች ወዲህ ቤቱ አልቻላትም።

«እኔን አትስደቢኝ» ትላለች ታናሿን፣ «ውስጥሽ ያለሁት እኔ ነኝ። ራስሽን ነው የምትሰድቢው።»

«ለዚያ ነዋ ሒሳብ የጠፋኝ!» ትላለች ፌንጣ።

ነገር መመለሱስ ደህና ነበር፤ ያስቸገረው መብሉ ነው። የምትቀምሰው ሁሉ ሚስማር ሚስማር ይላታል። እንቁላሉ ሚስማር፣ ድንቹ ሚስማር፣ ሾርባው ደግሞ የዛገ ሚስማር። ሐኪሟ የደም ውጤቱን አገላብጣ ካየች በኋላ መነጽሯን አውልቃ እንዲህ አለች፦

«መቅኔው ይዟል፤ ደስ ይበላችሁ። ግን ልጅቷ እየከሳች ነው። ዛሬ አሥራ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ናት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ጨምራ ካልመጣች አስተኝተን በአፍንጫዋ ቱቦ መመገብ ሊኖርብን ነው።»

ፌንጣ ቱቦዋን ታውቃታለች። አሥራ አንድ ቀን ጉንጯ ላይ ተለጥፋ አብራት ኖራለች። ቤት ሲደርሱ የአባቷን ትንሽ ጣት ያዘችና «አባዬ፣ እንዳትሰጠኝ» አለችው።

«አልሰጥሽም» አላት። አባት አይደል፣ አፉ ቀደመው። እንዴት እንደማይሰጣት ግን አያውቅም።

ቤት ውስጥ ሚዛን የለም። ሐኪሟም «በየቀኑ አትመዝኗት፣ ትጨነቃለች፤ ሐሙስ እኛው እናያለን» ብላለች። እንግዲህ ልብስ ሰፊ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ያለ ቁጥር እንዴት ብሎ ይቀመጥ? በማግስቱ ጠዋት አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር ይዞ ወደ ልጁ ሲራመድ ሚስቱ በሩን በገላዋ ዘጋችው።

«በላ ተመለስ! ይሄ ሜትር ያልተጠመጠመበት ቦርጭ በከተማው አለ? ልጄን አይነካም።»

«ታዲያ እጠቢው።»

«ሌላ ግዛ።»

«ሜትር እንደ ሚስት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ይበቃዋል።»

«እንደሱ ካልክማ ስጠኝ» አለች፣ ሳቋን ውጣ።

ሜትሩ የጨርቅ ነው፤ አሠሪው ጡረታ ሲወጡ ያወረሱት፣ ዳርዳሩ የተልፈሰፈሰ ቢጫ ሜትር። ሚስቱ ደግሞ ሆቴል ቤት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አንሶላና ፎጣ ያጠበች ናት። እሷ ዘንድ ማጠብ ማለት መቀቀል ነው። ሜትሩን ድስት ውስጥ ጨምራ አንድ ሃያ ደቂቃ አንተከተከችው፣ በመቆንጠጫ ይዛ አወጣችው፣ አድርቃ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ፤ ቀን ደንበኛ ይለካበታል፣ ማታ ይቀቀላል፣ ጠዋት ፌንጣ ትለካበታለች።

የት ትለካ? ለልብስ ሰፊ ሰው ማለት ወገብ ነው። ወገቧን ለካ፤ አርባ ዘጠኝ። በልብስ መቁረጫው ጠመኔ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ጻፈው። በማግስቱ አርባ ዘጠኝ። በሦስተኛው ቀን ሜትሩን አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ።

«አርባ ዘጠኝ ተኩል» አለ።

«ውሸት!» ብላ ሚስቱ ከነጭልፋዋ መጣች። እህትየው አልጋው ላይ ወጣች። ፌንጣ ቀሚሷን ሰብስባ ሆዷን ወደ ታች እያየች «የት ጋ ነው?» ትላለች።

«እዚህ ጋ ነው፤ ይታየኛል!» አለች እህቷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ያን ቀን ምሳ ላይ ፌንጣ ሳትለመን ሦስት ማንኪያ ጨምራ በላች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ቤቱ አበደ። አንድ ቀን ሩብ ሴንቲ፣ አንድ ቀን ምንም፣ ከዚያ ግማሽ። ልብስ ሰፊው ቁጥሩን በተናገረ ቁጥር ሚስቱ በምድጃና በጠረጴዛው መካከል እስክስታ ትመታለች፤ እህትየው የድስት ክዳን ታጋጫለች። በሰፈሩ የሚያልፈው ሚኒባስ ሹፌር ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ስር ዝግ ይልና «ዛሬስ?» ብሎ በእጁ ይጠይቃል። እህትየው በጣቷ ስታሳየው ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋና ተሳፋሪው ሁሉ ያጨበጭባል። ግማሾቹ ለምን እንደሚያጨበጭቡ አያውቁም፤ ቢሆንም ያጨበጭባሉ።

ፌንጣም ነቃች። «ነገ ስንት እሆናለሁ?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። እንቁላል ሲቀርብላት አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ «ሜትሩን ከማሳፍረው» ትልና ትጎርሳለች። አንድ ቀን ድንቹን አላምጣ አላምጣ ቆም አለች።

«ምነው?» አለች እናቷ ደንግጣ።

«ድንች ድንች ይላል» አለች ፌንጣ።

እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ የወደቀ ማንኪያ የምትፈልግ መስላ።

ረቡዕ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ላይ ሃምሳ አንድ ተጻፈ። ልብስ ሰፊው ጮቤ እየረገጠ ሱቁን ከፈተ። በጥርሱ መርፌ ይዞ እያፏጨ ነበር፤ እንዴት አድርጎ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ባለፈው ሳምንት ያዘዘውን ሱሪ ሊለካ መጣ። ሹፌሩ ገና ከሩቅ ሆዱ የሚቀድም፣ ደግና ሳቂታ ሰው ነው። ወገቡ ለዓመታት አንድ መቶ አሥራ አራት ሴንቲ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሜትሩ አንድ መቶ አሥራ ሰባት አለ፤ ሹፌሩም ተከፍቶ «እኔ? ጎመን ብቻ እየበላሁ?» ብሎ ነው የሄደው። አሁን መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ሱሪውን አጠለቀ። ከዚያ ጩኸት።

«ከሳሁ! ወንድሜ፣ ከሳሁ እኮ!»

ወጣ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልይዝ ብሎት በሁለት እጁ አንቆ ይዞታል። ለቀቅ ሲያደርገው ጉልበቱ ላይ ይደርሳል። ያነሳዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይስቃል። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ፦ «አንቺ! ቦርጫም ያልሽው ሰውዬ ሞቷል! ዛሬ ቀጭን ሰው ነው የሚመጣልሽ!»

ልብስ ሰፊው አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። የሰው ገላ የሚለካው በጨርቁ ሜትር ቢሆንም፣ ጨርቁን ለመቁረጥ ሲያሰምር የሚጠቀመው በእንጨት ሜትሩ ነው። ሰው ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይህን ያህል አይከሳም፤ ይህ ሰው ትናንት ሁለት ሳንዱች ይዞ ሲያልፍ አይቶታል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የእንጨቱ ላይ ዘረጋው። የጨርቁ መቶ የእንጨቱ ዘጠና ስድስት ላይ አለቀ።

በጣቱ ጠፍጥፎ ዘረጋው፤ ዘጠና ስድስት። ጎትቶ ዘረጋው፤ ዘጠና ስድስት። ሜትሩ ድስት በገባ ቁጥር እንደ ሱፍ ካልሲ ሲኮማተር ነው የከረመው! በጠመኔው ጠረጴዛው ላይ አሰላው። በተኮማተረው ሜትር ሃምሳ አንድ ማለት በእውነተኛው አርባ ዘጠኝ ነው። ያ ሁሉ እስክስታ፣ ያ ሁሉ ጡሩምባ፣ ልጅቷ አንዲት ፀጉር ሳትጨምር ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለ ሹፌሩ። «በል ነገ ጠዋት እኔ ነኝ ሐኪም ቤት የማደርሳችሁ። ሚኒባሷን በበረኪና አጥቤያታለሁ፤ ሌላ ሰው አልጭንም።»

«እግዜር ይስጥህ» አለ ልብስ ሰፊው። እውነቱን ሊነግረው አፉን ከፈተና ሰውየው ሱሪውን አንቆ እየጨፈረ ሲወጣ አይቶ መልሶ ዘጋው።

ጓሮ ውስጥ በቁምጣው ቆሞ እጁን እየፈተገ ለሚስቱ በመስኮት ነገራት።

«ምን አልክ?»

«ተኮማትሯል። ቀቅለሽው።»

«እኔ? አንተ አይደለህ እጠቢው ያልከኝ?»

«እጠቢ አልኩሽ እንጂ ወጥ ሥሪበት አልኩሽ?»

ሊሳሳቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ነገ ሐሙስ ነው። ሴትዮዋ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። «እንዳትሰማ» አለች። «ዛሬ እንኳ ደስ ብሏት ትደር።»

ፌንጣ ራት ላይ ሁለተኛ ሰሃን አስጨመረች። አባቷ ፊቷን ማየት ስላልቻለ ሲያያት የነበረው ሰሃኗን ነው፤ ሰሃኗንም ቢሆን አላየውም። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። ይሄኛው ግን ሲያድር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባሷ መስኮቶቿን ሁሉ ከፍታ መጣች። ሹፌሩ አዲሱን ሱሪ በቀበቶ ሰብስቦ አስሮ እየዘፈነ ይነዳል። ፌንጣ ጭምብሏን አድርጋ ከኋላ ወንበር ላይ ትፈነጥዛለች፤ እህቷ «ቀስ በይ፣ መቅኔዬን ታፈሺዋለሽ» ትላታለች። እናትየው ፊት ለፊት ብቻ ታያለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ቀበቶውን ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ አሰረ።

ኮሪደሩ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ሚዛኑ በተከፈተው በር በኩል ይታይ ነበር። ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች ታየዋለች፤ ፈገግታዋ ከጭምብሏ በላይ ዓይኗ ላይ ነው። አባቷ ከዚህ በላይ አልቻለም። ሚዛኑ ብቻዋን ሳለች ከሚነግራት እሱ ቢነግራት ይሻላል። ሄዶ ከፊቷ ተንበረከከ።

«ፌንጣዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ቱቦ ሊያደርጉልኝ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ግን ሜትሩ ዋሽቶናል። እናትሽ ስትቀቅለው እያጠረ ሄደ። ሃምሳ አንድ ያልነው አርባ ዘጠኝ ነው። ትናንት አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ልጅቷ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች። እሱን አየችው። እናቷን አየቻት፤ እናቷ ጣሪያ ታያለች።

«ሜትር ቀቀላችሁ?»

«ቀቀልን።»

«በጨው?»

እህትየው ናት መጀመሪያ የፈነዳችው። ከዚያ እናትየው። ፌንጣ ጭምብሏ እየተነፋና እየሟሸሸ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው ብቻ እንባ እንባ እያለው ተንበርክኮ ቀረ።

«አባዬ፣ አታልቅስ» አለችው፣ ሳቋ ሲያባራ። «ታዲያ ትናንት የበላሁት ሁለት ሰሃን የት ሄደ? እሱንም ሜትሩ ነው የበላው?»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ሰሃኑ! ባዶውን ሰሃን አንስቶ ያጠበው ራሱ አይደል? ነርሷ ብቅ ብላ ተጣራች።

ፌንጣ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። የሚዛኑ ቀያይ ቁጥሮች ተሯሯጡ፣ ወላወሉ፣ ቆሙ። ነርሷ አየች። ወደ ወረቀቷ ሄደች። ተመልሳ አየች።

«ውረጅና እንደገና ውጪ» አለች።

ወረደች፣ ወጣች። ልብስ ሰፊው የበሩን መቃን ይዟል፤ የእናትየው እጅ የሱን ክንድ ይዟል፤ ማን ማንን እንዳቆመ አይታወቅም።

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከአንድ መቶ» አለች ነርሷ።

«በየትኛው ሚዛን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«አቤት?»

«የታጠበ ነው? ማለቴ... ሚዛኑ ደህና ነው?»

ሐኪሟ መጣች። የልጅቷን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፣ ስርጉድ ብሎ እንዳልቀረም አየች። «ውኃ አይደለም» አለች፣ «ሥጋ ነው። ሰባት መቶ ግራም ሥጋ። ቱቦ የለም፤ ወደ ቤታችሁ።»

«ግን ዶክተር፣ ወገቧ እኮ አንድ ሴንቲ እንኳ አልጨመረም!»

«ወገብን ማን ጠየቀህ?» አለች ሐኪሟ። «ልጅ ሲያገግም ጭኑና ትከሻው ይቀድማል። ወገቡን ለራስህ ደንበኞች ተወው።»

ልብስ ሰፊው ኮሪደሩ ላይ ወጣ። በግድግዳው ተንሸራቶ መሬት ላይ ዘጭ አለና እየሳቀ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባልሆነው ነገር ደስ ሲላቸው፣ ልጅቷ በደስታው በላች፤ ስለበላችም ሜትሩ የዋሸው ነገር እውነት ሆነ። ይህን ለሚስቱ ሊነግራት ይጀምራል፣ ሳቁ ያቋርጠዋል፣ እንደገና ይጀምራል።

«አባዬ፣ ተነስ፣ ሰው ያያል!» ትላለች ፌንጣ፣ በካልሲዋ እየዘለለች። እህቷ አንድ ጫማዋን ይዛ ታሯሩጣታለች።

አጠገባቸው ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጣለች፤ እጅግ የከሳ ልጅ ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ቁጥሩን በበሩ በኩል ሰምታ ነበር። እየፈራች ወደ ፌንጣ ዘንበል አለች።

«የኔ እናት፣ ምን አብልተውሽ ነው?»

«ውሸት!» አለች ፌንጣ። «በየቀኑ፣ በሰሃን ሙሉ!»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወላጆቹን አየች። ልብስ ሰፊው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ይስቃል። የፌንጣ እናት ግን ዓይኗን ጠርጋ፣ ጭምብሏን አስተካክላ፣ ከሴትዮዋ ሁለት ክንድ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ልንገርሽ» አለች። «የኔም ልጅ ሁሉ ነገር ሚስማር ይላት ነበር። መጀመሪያ ድንቹን ልጠሽ በደንብ ትቀቅይዋለሽ። አስኳሉን ደግሞ ለብቻው...»

ከውጭ የሹፌሩ ጡሩምባ ይሰማል። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነው።